የተፈጥሮ እንክብካቤ ክበብ ዘገባ፦ የታመሙት የቦንሳይ ዛፎቻችን

ክበባችን በመስከረም ወር ሥራውን ሲጀምር ዘጠኙን የቦንሳይ ዛፎች (በትንሽ ዕቃ ውስጥ እየተገረዙ ድንክ ሆነው የሚያድጉ ዛፎች)፣ ማለትም አራት ወይራ፣ ሦስት ፊከስ (የዋርካ ዘመድ) እና ሁለት የሐበሻ ጥድ፣ ክፉኛ ተጎሳቁለው አገኘናቸው። የወይራዎቹ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ ፊከሶቹም ግማሽ በግማሽ ተራቁተዋል። ከዕረፍቱ በፊት ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ ከአሸንዳው ሥር ያስቀመጥኳቸው እኔ ስለነበርኩ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ የጣራው ውኃ ሲወርድባቸው ከርሟል። በዚያ ላይ ዕቃዎቹ የተሞሉት ከግቢው በተቆፈረ፣ ዋልካ በበዛበት አፈር ስለነበር ውኃው የሚያልፍበት መንገድ አላገኘም።

አባላቱ በመጀመሪያው ስብሰባ ያቀረቡት ሐሳብ በአንድ ቅዳሜ የሁሉንም አፈር እንቀይር የሚል ነበር። ሐሳቡ ከአሳቢነት የመነጨ ቢሆንም አልተስማማሁም። አፈር ሲቀየር ውኃ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች መበጣጠሳቸው አይቀርም፤ ቅጠሉ ግን ውኃ ማትነኑን አያቋርጥም። ጤነኛ ዛፍ ባጠራቀመው ምግብ አዲስ ሥር አውጥቶ ጉድለቱን ይሞላል፤ የደከመ ዛፍ ግን ስንቁን ጨርሷልና ለማዳን የታሰበው ሥራ ራሱ ሊገድለው ይችላል። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ ቲቸር፣ እስኪሞቱ ድረስ ዝም ብለን ልናያቸው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ ምክንያቱም ሥሩ መበስበስ የጀመረ ዛፍ አፈር የሚቀየርበት ወቅት እስኪደርስለት ቢጠበቅ ወቅቱን አያየውም። ስለዚህ ከመወሰናችን በፊት የእያንዳንዱን ዛፍ ሥር ለማየት ተስማማን።

ቢላዋ በዕቃው ጠርዝ ዙሪያ አዙረን የመጀመሪያውን ፊከስ ከነአፈሩ ስናነሣው የረጋ ውኃ ሽታ ክፍሉን ሞላው። የጠቆሩት ሥሮች በጣት ጫፍ ሲሳቡ ቅርፊታቸው እንደ ራሰ ወረቀት ይላጥና ውስጣቸው ያለው ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። ሕይወት ያለው የፊከስ ሥር ሲቆረጥ ነጭ ወተት ስለሚያወጣ፣ ተማሪዎቹ ወተት የሚያወጣው ቦታ እስኪደርሱ ድረስ በተጸዳ መቀስ ወደ ግንዱ አቅጣጫ ጥቂት በጥቂት እየቆረጡ ሄዱ። ሦስቱም ፊከሶች በዚሁ ሁኔታ ላይ ስለተገኙ አፈራቸው በዚያው ሳምንት ተቀየረ፤ ብርሃን በሚያገኝ፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ በማያርፍበት መስኮት አጠገብም ተቀመጡ። ሁለቱ በኅዳር መጨረሻ አዲስ ቡቃያ አሳዩ፤ ሦስተኛው አልተረፈም።

ጥዶቹን ግን ዘግይተን ነበር የደረስንላቸው። ጥድ ሥሩ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ይቆያል፤ አዳዲሶቹ አባላት እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ በየሁለት ቀኑ ይንከባከቧቸው ነበር። ቅርፊታቸውን በጥፍር ፋቅ ስናደርግ መገኘት የነበረበት እርጥብ አረንጓዴ ሽፋን ከግንድ እስከ ቅርንጫፍ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ያን ቀን ብዙ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ወይራዎቹ የተለዩ ነበሩ። ሥሮቻቸው ዕቃውን ዞረው እርስ በርስ ቢተበተቡም ጫፋቸው ነጭና ጠንካራ ስለነበር፣ ወደ ዕቃቸው መልሰን እስከ መጋቢት እንዲጠብቁ ወሰንን። በእነዚያ ወራት ከዕቃዎቹ በታች ያለውን ቀዳዳ ከፍተን፣ ውኃው በአንድ በኩል እንዲንጠፈጠፍ አንዱን ጎን በድንጋይ ከፍ አድርገን፣ ከእንጨት የተሰነጠረ ስንጥር አፈሩ ውስጥ አስገብተን ለአሥር ደቂቃ እየተውን እርጥበቱን መለካት ጀመርን። ስንጥሩ ከእርጥበት የተነሣ ጠቆር ብሎ ከወጣ ዛፉ ውኃ አይጠጣም። የታመመን ሥር ስለሚያቃጥል ማዳበሪያም ከለከልኩ፤ በዚህ ጉዳይ ከአባላቱ ጋር በተደጋጋሚ ተከራክረናል።

መጠበቁ ሲሰለቻቸው በዋሽንግተን ብሔራዊ የዕፅዋት ማዕከል ስለሚገኘው የጃፓን ነጭ ፓይን ነገርኳቸው። ይህ ዛፍ እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ በዕቃ ውስጥ ሲገረዝ የኖረ፣ በ1945 በሂሮሺማ ከተጣለው የአቶሚክ ቦምብ የተረፈ፣ በ1976 የያማኪ ቤተሰብ ለአሜሪካ ያበረከተው ነው። ይህን ያህል ዘመን ሊኖር የቻለው አፈሩ በየጥቂት ዓመቱ፣ ዛፉ አቅም ባለው ጊዜ ስለሚቀየርለት ነው።

በመጋቢት የሦስቱ ወይራዎች እንቡጥ አብጦ አረንጓዴ ጫፍ ሲያሳይ አፈር የመቀየሩ ሥራ ተጀመረ። ለብሎኬት መሥሪያ የሚውለውን ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) በወንፊት ነፍተን ዱቄቱን ጣልን፤ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነውን ጠጠር ከጥቂት ኮምፖስት ጋር ቀላቀልን። ከሥሩ ከሲሶ በላይ አልቆረጥንም። ዛፉ ቢወዛወዝ አዲስ የሚወጣው ሥር ይበጠሳልና እያንዳንዱን በቀዳዳው ባሳለፍነው ሽቦ ከዕቃው ጋር አሰርነው። ሦስቱም በግንቦት አዲስ ቅጠል አወጡ።

የአራተኛው ወይራ እንቡጥ ስላላበጠ አልነካነውም፤ የእሱ ነገር በመጪው ዓመት መጋቢት ይታያል። ለዘንድሮው ክረምት ዛፎቹ አሸንዳ ወደሌለበት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ተዛውረዋል። ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆኑ ሁለት አባላትም በየቅዳሜው ስንጥሩንና መዝገቡን ይዘው ለመምጣት ተስማምተዋል።