እናቴ «ሆዴ» ስትል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

እናቴ ስኳር አለባት። እዚህ ደሴ ክትትል ከጀመረች አራት ዓመት ሆናት። ባለፈው ክረምት «ሆዴ ልክ አይደለም» ማለት አበዛች። ሲነፋትና ሲያስቀምጣት ይውላል። ጨጓራ ነው ተባለና ክኒን ተሰጣት። ከዚያ ቡና ሲጠሯት መቅረት ጀመረች። ቀጥሎ ከቅሬም (ከዕድሩ) ቀረች። አንድ ቀን አልጋዋን ሳነጥፍ ፍራሹ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የስኳር ክኒኗን፣ ሜትፎርሚን፣ አገኘሁ። የሁለት ወሩ ሙሉ አለ። ስኳሯ ለምን አልወርድ እንዳለ ያኔ ገባኝ።

ስጠይቃት «ሆዴን ያውከኛል። ደግሞስ ድኜ ምን ላደርግ?» አለችኝ። ያስደነገጠኝ የመጨረሻው ነው።

ሜትፎርሚን ሆድ ማወኩ የታወቀ ነው። ከምግብ ጋር ሲወሰድ፣ መጠኑ ቀስ እያለ ሲጨመር ወይም ቀስ ብሎ የሚሟሟው ዓይነት ሲታዘዝ ብዙ ጊዜ ይቀላል። ለዓመታት ሲወሰድ ደግሞ ቫይታሚን ቢ12ን ሊያሳንስ ይችላል። የዚህ ቫይታሚን ማነስ በራሱ ድካምና ድባቴ ያመጣል። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም።

እኛ ድሮም ሐዘናችንን የምናስቀምጠው ሆዳችን ውስጥ ነው። ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ሆድ ይፍጀው እንላለን። አንጀትና አንጎል በእርግጥም ከአንጎል እስከ ሆድ በሚወርደው ቫገስ በሚባል ነርቭ ይነጋገራሉ። ከስሜት ጋር የሚያያዘው ሴሮቶኒን የሚባል የሰውነታችን ኬሚካልም ከ90 በመቶ በላይ የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው፤ ምንም እንኳ ያ ሴሮቶኒን በቀጥታ ወደ አንጎል ባይገባም። የአንጀት ባክቴሪያዎች ከጥራጥሬ አሰር የሚሠሯቸው አሲዶችም ሰውነት ስኳርን በሚጠቀምበት መንገድ ላይ እጃቸው አለበት። እርጎና ሽሮ ድባቴን ይፈውሳሉ እያልኩ አይደለም። ግን ስኳር ያለበት ሰው በድባቴ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው እጥፍ ገደማ ነው። ድባቴም በተራው ለስኳር ያጋልጣል።

በመጨረሻ አንዲት ነርስ «አብሽሩ እናቴ፣ ለመሆኑ ውስጥዎ እንዴት ነው?» አለቻት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። በ2014 ጦርነት ውስጥ ያለፈ ከተማ ነው ያለነው። እንደ እሷ በሆዱ የያዘ ስንት ሰው አለ!

የደሴና የኮምቦልቻ ጤና ተቋማትን የምለምነው ይህንኑ ነው። ክትትል ካርዱ ላይ ስኳርና ግፊት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ከጎኑ ሁለት ጥያቄ ይጨመርልን፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገር ሁሉ አላስደስት ብሎዎታል? መከፋት ወይም ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶዎታል? ብዙ አገር የሚሠራባቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጁም። ክኒኑ ሆድዎን ይስማማዋል ወይ የሚለውም አይረሳ።

ልጇ፣ ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ