ጊታር በእጁ ለመሥራት ለሚነሣ ጀማሪ አናጺ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የእንጨት ሥራን በትርፍ ጊዜዬ የምማር የጋዜጣችሁ አንባቢ ነኝ። አኮስቲክ ጊታር በእጄ ለመሥራት ስነሣ ከወዳጆቼ ደጋግሜ የሰማሁት አስተያየት፣ ሥራው ትልልቅ ማሽንና ከውጭ የሚመጣ ልዩ እንጨት ስለሚጠይቅ እዚህ አገር ላለ ጀማሪ አናጺ የሚሞከር አይደለም የሚል ነበር። ሥራውን እየገፋሁ ስሄድ ያገኘሁት ከዚህ የተለየ ነው። በመላጊያ፣ በመሮ፣ በጥሩ መጋዝና በጥቂት ሞርሳዎች የሚሠራ ጊታር አለ፤ ለእርሱ የሚሆነው እንጨትም በአገራችን ይገኛል። የእንጨት ሥራ የሚማሩ ወጣቶች ይህን እንዲያውቁት ስለምፈልግ ደብዳቤዬን እንድታትሙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ዛሬ የምናውቀውን የክላሲካል ጊታር ቅርጽና መጠን ያስያዘው ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ (1817–1892 እ.ኤ.አ.) በልጅነቱ የተማረው አናጺነትን ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1862 ጀርባውና ጎኑ ከወፍራም ወረቀት፣ የፊት ሰሌዳው ግን ከተመረጠ እንጨት የሆነ ጊታር ሠራ፤ መሣሪያው አሁንም በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል። ቶሬስ ሊያሳይ የፈለገው የጊታርን ድምፅ ከሁሉም በላይ የሚወስነው ፊቱ መሆኑን ነው። በክራርና በማሲንቆ ላይ የተወጠረው ቆዳ የሚሠራውን ሥራ በጊታር ላይ የሚሠራው ስስ ጣውላ ነውና፣ ክራር ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ስለዚህ ጀማሪው ለጌጥና ለቀለም ከመጨነቁ በፊት ገንዘቡንም ትዕግሥቱንም ለፊት ሰሌዳው ቢያውል ይጠቀማል።

ለፊት የሚመረጠው ቀላል ሆኖ ጠንካራ፣ ጉጥ የሌለበትና መስመሩ ቀጥ ያለ ጣውላ ነው። ግንዱ ወደ መሐሉ አቅጣጫ ተሰንጥቆ የወጣ፣ ማለትም በጣውላው ጫፍ ላይ የሚታዩት የዕድገት መስመሮች ቀጥ ብለው የቆሙ መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለው ጣውላ እርጥበት ሲለዋወጥበት ብዙም አይጣመምም። ለናይለን ክር ጊታር ፊቱ ተልጎ ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይወርዳል፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ ቀጫጭን የእንጨት ድጋፎች ይለጠፉበታል። ቶሬስ ሰባት ድጋፍ ማድረግን ያዘወትር ነበር።

አውሮፓውያን ለዚህ የሚጠቀሙባቸው ዛፎች መርፌ ቅጠል ካላቸው ወገን ናቸው። የእኛ ጥድና ዝግባም ከዚሁ ሰፊ ወገን ስለሆኑ በእነርሱ መሞከር ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ለጀርባ፣ ለጎንና ለአንገት ዋንዛ፣ ጣት ለሚያርፍበት ሰሌዳ ደግሞ ጠንካራው ወይራ ይስማማሉ። ነገር ግን ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ እየተመናመኑ በመምጣታቸው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሏቸው የነበሩ ዛፎች ናቸው። ጊታር ሠሪ ለዚህ ሥራ ሲል አንድም ዛፍ ማስቆረጥ የለበትም፤ አያስፈልገውምም። የሚበቃው ጥቂት ጣውላ ስለሆነ ከፈረሱ ቤቶች የወጡ በሮች፣ የመስኮት መቃኖችና አሮጌ ሣጥኖች በቂ ናቸው። እንዲያውም ለብዙ ዓመት የደረቀ እንጨት ከአዲሱ ይሻላል።

ስለ መድረቅ ካነሣሁ አይቀር፣ በአገራችን ሁኔታ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልግለጸው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ በኩል ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በርዝመቱ በኩል ግን ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የፊት ሰሌዳው ላይ በአግድም የሚለጠፉ ድጋፎች ስላሉ ሰሌዳው እንደ ልቡ መኮማተር አይችልም። በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት የተለጠፈ ፊት በጥርና በየካቲት ደረቅ አየር ሲኮማተር ድጋፉ ስለሚይዘው መሰንጠቅ ይመጣል። በበጋ የተለጠፈ ግን በክረምት ትንሽ ያብጥና ጎበጥ ይል ይሆናል እንጂ በቀላሉ አይሰነጠቅም። አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ደጋ ከተማ ላይ የሚሠራ ሰው መላጉንና ማጠፉን በማንኛውም ወቅት ቢያደርግ፣ ፊቱንና ጀርባውን ከድጋፋቸው ጋር መለጠፍን ለበጋ ቢያቆየው ጥሩ ነው።

ጎኑን ማጠፍ የሚያስፈራውን ያህል አይከብድም። ጣውላው ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይሳሳል፣ ይረጥባል፣ ከዚያም በጋለ የብረት ቱቦ ላይ በዝግታ እየተገፋ ይታጠፋል። እንጨቱን የሚያለዝበው በዋናነት ሙቀቱ ስለሆነ ቱቦው በቂ ሳይግል በጉልበት መጫን እንጨቱን ይሰብረዋል።

ፍሬቶቹን፣ ማለትም ጣት በሚያርፍበት ሰሌዳ ላይ በአግድም የሚተከሉትን ቀጫጭን ብረቶች፣ መለካት ሒሳብ ነው። ነጻው የክር ርዝመት፣ ማለትም በሁለቱ ማረፊያዎቹ መካከል የሚርገበገበው ክፍል፣ 650 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለ17.817 ይካፈላል፤ የመጀመሪያው ፍሬት ከክሩ መነሻ 36.48 ሚሊ ሜትር ላይ ይውላል። የቀረው ርዝመት እንደገና ለዚያው ቁጥር እየተካፈለ ይቀጥላል፣ አሥራ ሁለተኛው ፍሬትም ልክ እኩሌታው ላይ፣ 325 ሚሊ ሜትር ላይ ይደርሳል። ስሌቱ ካለቀ በኋላ ግን እያንዳንዱ ቦታ ከክሩ መነሻ ጀምሮ በአንድ ማስመሪያ ይለካ፤ ከፍሬት ወደ ፍሬት እየተለካ ከተሄደ ትንንሾቹ ስሕተቶች ተደምረው ቅኝቱን ያበላሻሉ።

ለመጀመሪያ ሥራ የናይለን ክር እመክራለሁ። ስድስቱ የናይለን ክሮች በአንድነት ፊቱን የሚስቡት 40 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ የብረት ክር ግን ብዙውን ጊዜ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባል፤ ይህን ለመሸከም የአንገቱና የድጋፎቹ አሠራር የተለየ ጥንካሬ ይጠይቃል።

በየከተማው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የእንጨት ሥራ ክፍሎች ለዚህ የሚሆን መሣሪያም ቦታም አላቸው። ሠልጣኞች ከወንበርና ከቁም ሣጥን ቀጥሎ አንድ ጊታር በቡድን ሠርተው ቢመረቁ፣ እንጨትን በግማሽ ሚሊ ሜትር ልክ መሥራትን ይለምዳሉ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህራንም የተሠራውን ሞክረው ስለ ድምፁና ስለ ቅኝቱ አስተያየት ቢሰጡ ለሠልጣኙ ትልቅ እገዛ ነው። አሮጌ ቤት የሚያፈርሱ ባለቤቶችና ተቋራጮች ደግሞ የዝግባውንና የጥዱን በር ለማገዶ ከመስጠታቸው በፊት በአቅራቢያቸው ያለውን ኮሌጅ እንዲጠይቁ እለምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንጨት ሥራ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ