ይድረስ ለጨርጨሩ ወዳጄ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርብልሃለሁ። አንተና ቤተሰብህ እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዘጠኝ ዓመት አለፈው፤ መልሱን ዛሬ ነገ እያልሁ ያቆየሁት እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔ ነው። የእናትህን ዕረፍት እንኳ የሰማሁት ዘግይቶ በሰው አፍ ነበር፤ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። በቤታቸው የበላሁትን እንጀራና የጠጣሁትን ቡና እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ብዕር እንዳነሣ ያደረገኝ ግን አንድ መጽሐፍ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ1998 ያሳተመውን የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የሕይወት ታሪክ ሰሞኑን እንደገና ሳነብ፣ በሐረርጌ ባለችው በጨርጨር ስለ ነበራቸው አገረ ገዥነት የሚያወሱትን ገጾች ከጨረስሁ በኋላ መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ስለ አንተ ሳስብ ቆየሁ። በ1979 ክረምት የዩኒቨርሲቲውን የትብብር ደብዳቤ ይዘን፣ አንተ ደብተር እኔ ቴፕ ተሸክመን፣ ከአሰበ ተፈሪ እስከ ሂርና ሽማግሌዎቹን ስንጠይቅ፣ አሰበ ተፈሪን የቆረቆሯት ሰውዬ ራሳቸው ምን ብለው እንደ ጻፉ የምናነብበት መጽሐፍ በእጃችን አልነበረም። እርሳቸው በ1969 አርፈዋል፤ ቃላቸው ለሕዝብ የደረሰው ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ትዝታም እንዲሁ በዚያው ማተሚያ ቤት በ2002 ሲወጣ ጸሐፊው ካረፉ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸው ነበር። እነዚህን መጻሕፍት ሰው የቤተ መንግሥት ታሪክ አድርጎ ያነባቸዋል፤ እኔ ግን የክፍለ ሀገር ታሪክ ምንጮች አድርጌ ነው የማያቸው። ራስ እምሩ ወሎንም ጎጃምንም አስተዳድረዋልና፤ ተክለ ሐዋርያትም ጨርጨርን ለሌላው ግዛት ምሳሌ የሚሆን፣ በደንብ የሚመራ አገር ለማድረግ የሞከሩ ሰው ናቸውና።

ይሁንና መጽሐፉ የሚነግረን ገዥው ያየውን ነው። የጨርጨር ኦሮሞ የሆኑት የኢቱ ሽማግሌዎች ለአንተ የነገሩህ ሌላው ወገን በዚያ ውስጥ የለም። ከተማዋ አሰበ ተፈሪ ከመባሏ በፊት ጭሮ መባሏን፣ የሸንጎው ዛፍ በሆነው በኦዳ ቡልቱም ሥር ሕግ እንዴት ይነገር እንደ ነበር፣ የጨርጨር ቡና ወደ ባቡሩ ጣቢያ ወደ ሚኤሶ በግመልና በአህያ ሲወርድ ነጋዴው፣ አራሹና ቀረጥ ተቀባዩ እንዴት ይካፈሉት እንደ ነበር፣ ይህን ሁሉ የያዘው ያንተ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢነበቡ አንዱ ሌላውን ያርመዋል ብዬ አምናለሁ፤ ሆኖም አንዱ ታትሞ በገበያ ሲውል ሌላው በታይፕ እንደ ተመታ በስድስት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ቀርቷል።

የቀረው የአንተ ብቻ አይደለም። የታሪክ ትምህርት ክፍሉ ተማሪዎች በየትውልድ አካባቢያቸው የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች የአገሪቱን ብዙ አውራጃዎች የሚዳስሱ ናቸው፤ መጽሐፍ የሆኑት ግን ጥቂት ናቸው። ፕሮፌሰር መርዕድ ወልደ አረጋይ እ.ኤ.አ. በ1971 በለንደን ያቀረቡት፣ ደቡባዊ ኢትዮጵያንና የክርስቲያኑን መንግሥት ከ1508 እስከ 1708 ድረስ የመረመረው ሥራ፣ የደቡቡን ታሪክ የሚያጠና ሁሉ ሳይጠቅሰው የማያልፈው ሆኖ ሳለ፣ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ታትሞ አላዩትም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በአንጻሩ ሞሐመድ ሐሰን ስለ ጊቤ የኦሮሞ መንግሥታት ለዚያው ለለንደን ዩኒቨርሲቲ የጻፉት ጥናት በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 መጽሐፍ በመሆኑ፣ ሊሙ ኢናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ በዓለም አንባቢ ዘንድ የራሳቸው ታሪክ ያላቸው መንግሥታት ሆነው ታወቁ። መታተም ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል።

ያኔ «ለምን አታሳትመውም?» ስልህ የመለስህልኝን አስታውሳለሁ፤ የራሱን ወገን ታሪክ ጻፈ እንዳልባል እፈራለሁ ነበር ያልኸኝ። ለዚህ መልስ የሚሆነኝ ሰው ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ በልጅነታቸው ከዓባይ ማዶ፣ ከኦሮሞ ምድር ወደ ጎጃም ተወስደው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉ ሠዓሊና ጸሐፊ ነበሩ። «ዋቅጅራ» ማለት «አምላክ አለ» ማለት እንደ ሆነ አንተ ከእኔ ይልቅ ታውቀዋለህ። የጎጃምን ትውልድ ከዓባይ እስከ ዓባይ ቆጥረው የጻፉልን እኒህ ሰው ናቸው። በንጉሡ ቤት ያደጉ ቢሆኑም፣ በ1874 ንጉሡ በእምባቦ ድል ሆነው የተማረኩበት ጦርነት በታሪካቸው ውስጥ አለ። ሥራቸው ለአሥርት ዓመታት በእጅ ጽሑፍ ብቻ ሲገለበጥ ኖሮ በዶክተር ሥርግው ገላውና በግርማ ጌታሁን ድካም በየፊናው ታተመ፤ የግርማ ጌታሁን የእንግሊዝኛ ትርጉምም እ.ኤ.አ. በ2014 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ወጣ። የአካባቢን ታሪክ የሚያስከብረው የጸሐፊው ትውልድ ሳይሆን አጻጻፉ መሆኑን ከእኒህ ሰው ተምሬአለሁ። አንተም በመመረቂያ ጽሑፍህ ውስጥ የማይስማሙ ሁለት ሽማግሌዎችን ቃል አንዱን ሳትሰርዝ ጎን ለጎን አስፍረህ ነበር፤ መምህራችን እንደ ጉድለት ቆጥሮት አንዱን ምረጥ ቢልህም፣ እኔ ትክክል ነበርህ እላለሁ።

አንድ ሌላ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። ሽማግሌዎቹ የነገሩህ በኦሮምኛ ነው፤ ሌሊት በፋኖስ ለእኔ የተረጎምህልኝ በአማርኛ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲው ያስረከብኸው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የተናጋሪዎቹ ልጆች አባቶቻቸው ያሉትን እስከ ዛሬ አላነበቡም። ዛሬ በጭሮ ከተማ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ የሚባል ከፍተኛ የትምህርት ተቋም አለ፤ እኛ በእግራችን የዞርንበት አገር አሁን የራሱ ምሁራን አሉት። መጽሐፉ በአማርኛም በኦሮምኛም ቢወጣ ከሁሉ በፊት የሚያነቡትም የሚተቹትም እዚያው ይገኛሉ። የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ገምጋሚዎች ጽሑፉን በሚገባ ይፈትሹታል፤ ማስረጃህን ሁሉ ይጠይቁሃል፤ እኔ ግን ያንተን ሥራ ስለማውቀው ይህን አልፈራልህም።

አርትዖቱን፣ የስምና የቦታ መጠቆሚያውን፣ የካርታውን ሥራ ለእኔ ተወው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ አለኝ። ያንተ ድርሻ ሁለት ነው። መጀመሪያ ያ ሰማያዊ ደብተር አሁንም በእጅህ እንዳለና እንደሌለ ጻፍልኝ። ሁለተኛው ደግሞ የማይዘገይ ነው፤ የሂርናው ሽማግሌ ድምፅ ያለበትን ካሴት ፈልገህ በቶሎ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጠው። የዚያ ክር ዕድሜ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ከጠየቅናቸው ሰዎች መካከልም ዛሬ በሕይወት ያለ እንደሌለ ባለፈው ዓመት ወደዚያ ስሄድ አረጋግጫለሁ።

መልስህን በናፍቆት የሚጠብቀው፣

የስድስት ኪሎው ወንድምህ