ትራክተሮቹን በኪሎ ከመሸጣችሁ በፊት

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣ የማነበው ከኋላ ገጽ ጀምሬ ነው። መጀመሪያ የጨረታና የሐራጅ ማስታወቂያዎቹን አያለሁ። ፖለቲካው ቡና ከተጠጣ በኋላ ይደርሳል። ልማዱ ከሥራዬ የመጣ ነው፤ አሰላ ከተማ ለረጅም ዘመን ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ቆሜ የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ። የትኛው መሥሪያ ቤት ምን አሮጌ ማሽን ሊያስወግድ እንደሆነ ማወቅ እንጀራዬ ነበር።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተደባልቀው በኪሎ ስለሚሸጡት አሮጌ ትራክተሮች ነው። ማስታወቂያ አይቼ ሄጄ የተመለከትኳቸው ግቢዎች አሉ። ከዛገ በርሜልና ከተሰባበረ ወንበር ጎን ሙሉ ትራክተር ቆሞ ታገኛላችሁ። ሞተሩ አለ፤ ካምቢዮው አለ፤ መሪው አለ። ባትሪ የለውም፣ ጎማው ተንፍሷል፣ በቃ ይኸው ነው ጥፋቱ። ያሸነፈው ነጋዴ በኦክስጅን ይቆራርጠውና ወደ ማቅለጫ ይልከዋል። ፌሮ ሆኖ ይመለሳል።

አንዱን እኔ አስቀርቻለሁ። ከነጋዴው ላይ፣ ሊቆረጥ ተራውን ሲጠብቅ ነው የገዛሁት። ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። አሁን ግቢዬ ውስጥ ከጎመኑ መደብ አጠገብ ቆሟል፤ ይሠራል። ባለቤቴ የመደቡን ግማሽ እንደወሰደባት እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች። እውነቷን ነው።

ስለ 135 ትንሽ ልበል፤ ወጣት አንባቢ ላያውቀው ይችላል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1964 እስከ 1975 የተመረተ ነው፤ የእኔው እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከተማ የተሠራው ነው። ባለ 3 ሲሊንደር ፐርኪንስ የናፍጣ ሞተር አለው። ጉልበቱ 45 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። 6 የፊት ማርሽ፣ 2 የኋላ ማርሽ። ዛሬ የአርሲን ስንዴ ማሳ ከሚያርሱት ግዙፎች አጠገብ ብታቆሙት ጥጃ ይመስላል። ግን ማረሻውን በሦስት ነጥብ አንጠልጥሎ በሃይድሮሊክ የሚያነሳበት ዘዴ የመሐንዲሱ የሃሪ ፈርጉሰን ነው። እነዚያ ግዙፎችም ዛሬ ማረሻቸውን የሚይዙት በዚሁ ዘዴ ነው።

እኛ አካባቢ ትራክተር የበዛው ካዱ የምንለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን መንግሥት እርዳታ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ነው። ካዱ የታሰበው ለአነስተኛው ገበሬ ነበር። ምርጥ ዘሩና ማዳበሪያው ስንዴን አዋጪ ሲያደርጉት ግን ባለመሬቶቹ ትራክተር ገዙ። ጭሰኛውን አስነሱ።

አባቴ ኢተያ አካባቢ ለአንድ ባለ እርሻ ትራክተር ይነዳ ነበር። ደመወዝ ነበረው፤ ጫማ ነበረው። በልጅነቴ ፓራፋንጎው (የጎማው መከለያ) ላይ አስቀምጦኝ ያርስ ነበር (ዛሬ ማንም እንዲያደርገው አልመክርም)። የእናቴ ወንድም ደግሞ በዚያው ዘመን ከሚያርሰው መሬት የተነሳ ጭሰኛ ነበር። ሁለቱ ለፋሲካ አንድ ገበታ ላይ ሲቀርቡ ስለ እርሻ አይወራም። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ትራክተሩ ተወርሶ ወደ መንግሥት እርሻ ገባ። አባቴም አብሮት ገባ።

ስለዚህ እነዚህ ማሽኖች ይቀመጡ ስል ያ ዘመን ደግ ነበር ማለቴ አይደለም። ትራክተሩን በጭነት መኪና ያስመጣሁ ዕለት አንድ ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ይሄ ነው ከመሬታችን ያስነሳን» አሉ።

«ጋሼ፣ ያስነሳችሁ እኮ ባለመሬቱ ነው። ይሄ ምን አደረገ?»

«ባለመሬቱንማ ማን አጠገበው?» ብለው ሳቁብኝ።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ግን እየሠራሁ ሳለ እየመጡ ቁጭ ይሉ ነበር። የት ድረስ እንደታረሰ፣ ማን ወዴት እንደተሰደደ፣ የማን ጎጆ የት እንደነበረ በምርኩዛቸው መሬት ላይ እየሳሉ ይነግሩኛል። የልጅ ልጆቻቸው ጭሰኛ ምን እንደሆነ የጠየቁት የኋላ ጎማው ላይ ተቀምጠው ነው። ብረቱ ተቆራርጦ ቀልጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ወሬ የሚነሳበት ምክንያት አልነበረም።

ወደ ሥራው ልመለስ። ሞተሩ አልዞር ብሎ ነበር። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ክዳን ስላልነበረው ዝናብ ገብቶ ፒስተኖቹን ዝገት ከሲሊንደሩ ጋር አጣብቋቸዋል። እንዲህ ያለውን ሞተር ማርሽ አስገብተው በሌላ መኪና እየጎተቱ ለማስነሳት የሚሞክሩ ሰዎች አሉ። ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) ይሰብራሉ፤ ቢዬላ (የፒስተኑን ክንድ) ያጣምማሉ። እኔ ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አውልቄ ናፍጣና ቀጭን ዘይት ደባልቄ በየሲሊንደሩ አፈሰስኩ። ከዚያ ትዕግሥት ነው። ጠዋት ጠዋት የፍላይዊሉን ጥርስ በብረት ዘንግ ትንሽ ነቅነቅ ማድረግ፣ እምቢ ካለ መተው። አንድ ቀን እሺ አለ። ከዚያ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ተነሳ፣ ሲሊንደሮቹ ተለኩ፣ የተበላው ተቀየረ። ቶርኖ ቤት የኖረ ሰው እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ያተርፋል።

ካምቢዮው የባሰ ነበር። በዚህ ትራክተር ካምቢዮውና ሃይድሮሊኩ የሚጠቀሙት አንድ ዘይት ነው። በማርሽ ዱላው ሥር ያለችው ጎማ ከተቀደደች ዝናቡ ቀጥታ ወደ ውስጥ ይወርዳል። የታችኛውን ቡሎን ስፈታ መጀመሪያ የወጣው ውሃ ነው። ቀጥሎ የነጣ፣ የወፈረ ዘይት መጣ። ሜዳ ላይ የቆመ ትራክተር ያላችሁ ሰዎች፣ ሌላው ቢቀር ማርሚታውን በጣሳ፣ የማርሽ ዱላውን ሥር በላስቲክ ሸፍኑት። ሳንቲም አያስወጣም።

መለዋወጫ የለም የሚሉ ሰዎች አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ደርሰው አያውቁም። ፓኪስታን ላሆር ያለው ሚላት ፋብሪካ በዚሁ ሞተር የሚሠራ ማሲ ፈርጉሰን ሲያመርት ኖሯል። ህንድም እንዲሁ በማሲ ፈቃድ ሲያመርት የኖረ ፋብሪካ አላት። ስለዚህ ፋሻው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ የፍሪሲዮን ዲስኩ ይገኛል። የሚያስቸግረው የውጪው ላሜራና ጌጁ ነው።

አሁን ቀለሙ። እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር እጣላለሁ። አሮጌ ትራክተር አድሰናል ሲሉኝ ሄጄ አያለሁ። ኮምፕሬሰር ተከራይተው ከላይ እስከ ታች ቀይ አልብሰውታል። ሞተሩ ቀይ፣ ቸርኬው ቀይ፣ የራዲያተሩ ጎማ ቀይ፣ ብሎኑ ሁሉ ቀይ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ቁጥሩ የተጻፈባትን ትንሽ ሰሌዳ ሳይቀር መቀባታቸው ነው። የትራክተሩ መታወቂያ እኮ እሷ ናት! በ135 ላይ ሰሌዳዋ ጌጆቹ ያሉበት ላሜራ ላይ ናት። ከመርጨታችሁ በፊት ንቀሏት፣ ካልሆነም በፕላስተር ሸፍኗት።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ኮፋኖውና ፓራፋንጎው ቀይ ናቸው። ሞተሩና አካሉ ግራጫ ነው። ቸርኬው ብርማ ግራጫ ነው። ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የፈርጉሰን ትራክተሮች ግራጫ ነበሩ፤ የማሲ ሃሪስ ቀይ ነበሩ። ሁለቱ ድርጅቶች በ1953 እንደ ፈረንጆቹ ተዋሃዱ፤ ቀለማቸውም አብሮ ተዋሃደ።

ፀሐይ ያልነካው ዋናው ቀለም ተደብቆ ይኖራል። እኔ ኮፋኖው ጎን ያለውን የስም ምልክት ስነቅል ከሥሩ እንደ አዲስ የሆነ ቀይ አገኘሁ። እሱን ይዤ ቀለም ቅመማ ቤት ሄድኩ። ልጁ አየው፣ ስልኩን አየ፣ ከዚያ «ጋሼ፣ ለምን የፌራሪ ቀይ አልሰጥዎትም?» አለኝ። ደግነቱን አመስግኜ ይኸው ይሁንልኝ አልኩት።

ትልቁ ልፋት ግን ከቀለሙ በፊት ነው። የስንት ዓመት ግሪስ ከአፈር ጋር ተጋግሮ ሞተሩ ላይ ተለጥፏል። መጀመሪያ በመፋቂያ፣ ቀጥሎ በላምባና በብሩሽ፣ መጨረሻ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና። ቅባት የቀረበት ቦታ ላይ አንቲረስት ቢቀባ ተልጦ ይነሳል። አሮጌው ቀለም ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፋቅ። የብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እየነከሩ መፋቅ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ ልጆችን ማራቅ። አሸዋ በኮምፕሬሰር እየነፉ ማጽዳት ለቸርኬ ይሆናል። ሞተር አጠገብ ግን ወዮላችሁ፤ አንድ እፍኝ አሸዋ ውስጥ ከገባ ያን ሁሉ የሠራችሁትን ኩሽኔታ ይበላዋል።

ኮፋኖውን አንድ ወዳጄ ባትላሜራ አቃናልኝ። ስቱኮ በወፍራሙ አትለጥፍብኝ ብዬ ለምኜዋለሁ። ትራክተር ይንቀጠቀጣል፤ ወፍራም ስቱኮ በዓመቱ ይረግፋል። ቀለሙን ናይትሮ አላደረግኩትም። ናይትሮ ቶሎ ይደርቃል፣ ያብለጨልጫል፤ ናፍጣ ሲፈስበት ግን ይበላሻል። ናፍጣ የማይፈስበት ትራክተር ደግሞ አላየሁም። ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ሲንተቲክ መረጥኩ፤ በስሱ፣ ደጋግሞ።

አሰላ ደጋ ናት። በክረምት የተረጨ ቀለም እርጥበቱ ያነጣዋል። በኅዳርም ቢሆን ጠዋት ጤዛ አለ፤ ከሰዓት ደግሞ ንፋስ ይነሳል። የምትሠራው በመሃል ባለችው ጊዜ ነው። ግቢውን ውሃ ረጭተህ አቧራውን ታስተኛለህ፤ በሩን ትዘጋለህ። የጎረቤት ዶሮ ግን በር አታውቅም። ግራው ፓራፋንጎ ላይ የላባ ምልክት አለ። አልነካካሁትም።

ሌላም ሳልነካ የተውኩት አለ። የእግር መርገጫው በሾፌሮች ጫማ ተበልቶ ሳስቷል። ባትላሜራው በብየዳ ልሙላው ቢል እምቢ አልኩ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ንብረት የምታስወግዱ መሥሪያ ቤቶች ሆይ፣ ሙሉ አካል ያለውን ትራክተር ከብረት ክምሩ ለዩት። ለብቻው ቁጥር ሰጥታችሁ ለብቻው አጫርቱት። እንደ አሁኑ በጅምላ ሲወጣ ተጫራቹ ብረት ነጋዴው ብቻ ነው፤ አንድ ትራክተር የሚፈልግ ሰው መቶ ኩንታል ብረት መግዛት አይችልም። ይህ መንግሥትንም አይጎዳም። እኔ ለነጋዴው የከፈልኩት እሱ በኪሎ ከገዛበት የበለጠ ነው። ያ ትርፍ ለሻጩ መሥሪያ ቤት መግባት ይችል ነበር።

ወረቀትም ስጡ። በእጄ ያለው ደረሰኝ የሚለው ብረት፣ ይህን ያህል ኪሎ ነው። ሊብሬ ለማውጣት የሄድኩበት ቢሮ በዚህ ደረሰኝ ትራክተር አይመዘገብም ብሎ መለሰኝ። አልፈርድባቸውም፤ ወረቀቱ የሚለው እሱን ነው። እናም የሚሠራ ትራክተር አለኝ፣ ከግቢዬ በር አይወጣም።

ደግሞ ከየዓይነቱ አንዳንድ ብታስቀሩስ? ማሲውን፣ ፊያቱን፣ በደርግ ጊዜ ናዝሬት ላይ ይገጣጠም የነበረውን የሶቪየቱን ቤላሩስ። ትልቅ ሙዚየም አልጠየቅኩም። የግብርና ኮሌጅ ወይም የቴክኒክ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ጥላ ይበቃል። ተማሪዎቹ ፈተው ይግጠሙት። ዛሬ መካኒክ ነኝ የሚለው ልጅ ኮምፒውተር ካልሰካ ሞተር ምን እንደሆነ አይገባውም። (ይህን ያልኩት ልጄን ለማናደድ ነው፤ ጋዜጣውን እንደሚያነብ አውቃለሁ።)

በመጨረሻ፣ ከተፈቀደልኝ፣ ለአንባቢዎቻችሁ አንድ የግል ጥያቄ አለኝ። የ135 ሰዓትና ዙር ቆጣሪ ጌጅ፣ መስታወቱ ያልተሰበረ፣ ኦሪጅናሉን እፈልጋለሁ። አሁን የገጠምኩት የሌላ ትራክተር ነው፤ መርፌው ሞተሩ ጠፍቶም አይወርድም። ያለው ሰው በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ቢያሳውቀኝ መጥቼ እወስዳለሁ። ይህን ደብዳቤ አንብቦ ዋጋ የሚጨምር ካለ ግን እንደማልከፍል ከወዲሁ ይወቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው የቶርኖ ሠራተኛ
ከአሰላ