በመጻሕፍትሽ ጠርዝ ላይ የደመርኩት ሂሳብ

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ኮሌጅ ስትገቢ ጠረጴዛ ላይ ጥለሻቸው የሄድሻቸውን መጻሕፍት በሌሊት ፈረቃ ሳነብ ከረምኩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ፓርኪንጉ ጭር ይላል። አንድ ገጽ ለመጨረስ መዝገበ ቃላቱን አሥር ጊዜ እገልጣለሁ።

«ሁሉም መጨረሻቸው ለምን ያሳዝናል?» ብለሽኝ ነበር። እኔ መቼም አገር ቤት ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ልማድ አይለቅም፤ እርሳሴን ይዤ ገንዘቡን ተከተልኩ።

ከአሜሪካዊው ደራሲ ከስታይንቤክ ጀመርኩ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ከታተመችው ቀጭኗ ልብ ወለድ፣ «ኦቭ ማይስ ኤንድ ሜን»። ጆርጅና ሌኒ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከእርሻ እርሻ እየዞሩ በጉልበታቸው የሚያድሩ ናቸው። ቁራሽ መሬት ገዝተው ጥንቸል ሊያረቡ ያልማሉ። «ላም አለኝ በሰማይ» ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ካንዲ፣ እጁን ሥራ ላይ ያጣው ሽማግሌ፣ ጨዋታው ውስጥ ገባ። መሬቱ 600 ዶላር ነው። ለእጁ የተከፈለው ካሳ 250፣ ባንክ ያለው 50፣ በወሩ መጨረሻ የሚቀበለው 50፤ ድምር 350። ሁለቱ አንድ ወር ሳያባክኑ ቢሠሩ 100። በቃ፣ 450 ሞላ! የቀረውን ጆርጅ ሠርቶ ይሞላዋል። እቁብ በይው። ላሟ ከሰማይ ወርዳ በር ላይ ቆመች። ሌሊቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ አደርኩ፣ ሞኝ!

ከዚያ የሆነውን ታውቂያለሽ፤ ሌኒ ሳያስበው የባለእርሻውን ልጅ ሚስት ገደለ። ጉድ ያሰኘኝ ግን ሌላ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ ካንዲ ጆርጅን፣ እኛ ሁለታችን እንኳ እንገዛዋለን አይደል ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱን ሳይሰማ አንገቱን ይደፋል። ልብ በይ፣ ከሽማግሌው ገንዘብ አንድ ሳንቲም አልጎደለም።

የአርተር ሚለር ተውኔት ላይ ያለው ሻጭም (1949) እንዲሁ ነው። ዊሊ ሎማን ሃያ አምስት ዓመት የቤት ዕዳ ሲከፍል ኖሮ ራሱን ያጠፋል። ሚስቱ የመጨረሻውን ክፍያ የፈጸመችው በቀብሩ ቀን ነው። ቁጥሩ ልክ ገብቶ ሰው የሚጎድልበት ሂሳብ በሥራ ዘመኔ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ጋትስቢሽን፣ የፊትዝጄራልድን ባለጠጋ፣ ግን አልወደድኩትም። በልጅነቱ በጻፈው የውሎ ፕሮግራም መጨረሻ ላይ ለወላጆቹ የተሻለ ልጅ ለመሆን የወሰነበትን መስመር ብቻ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። እንዳትቆጪ።

ሂሳቤን ያፈረሰችው የ1959ቷ የሎሬይን ሃንስቤሪ ተውኔት ናት። ቺካጎ ውስጥ አንድ ጥቁር ቤተሰብ በአባትየው ሞት 10,000 ዶላር ኢንሹራንስ ያገኛል። እናትየው 3,500ውን ለቤት ቀብድ ከፈለች። ቀሪውን 6,500፣ የእህቱን የትምህርት ገንዘብ ጭምር፣ ልጇ ዋልተር ጓደኛዬ ለሚለው ሰው አስረከበ። ሰውየው ይዞት ጠፋ። (ይኸው ዋልተር ሞቅ ብሎት «ኢትዮጵያ እጆቿን ትዘረጋለች» እያለ የሚጮህበት ቦታ አለ። የዳዊታችን ቃል! እኔም ብቻዬን ኪዮስኩ ውስጥ ጮህኩ።) የአዲሱ ሰፈር ነጮች ደግሞ እንዳይመጡባቸው፣ ቤቱን አትርፈው እንዲሸጡላቸው ሰው ላኩ። ዋልተር ሊቀበል ቆርጦ ነበር፤ ትንሹ ልጁ ፊት ሲቆም ግን እንቢ አለ። ገንዘቡ የለም፤ እነሱ ግን እቃቸውን ጭነው ሄዱ።

እናትየው ሁሉም ከወጡ በኋላ ተመልሳ ያቺን የከሳች ተክሏን ይዛ ትወጣለች። እናትሽ ትዝ አለችኝ፤ ቤት በቀየርን ቁጥር የጤና አዳሟን ማሰሮ ጭኗ ላይ ይዛ መኪና የምትገባው። እሁድ ዕለት ተረኩላት። ዝም ብላ ሰማችና፣ «አዲሱ ቤት ፀሐይ ያስገባል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አባትሽ