ሙሉ ሽፋን የሚባለው ነገር

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የራሳቸውን መኪና ይዘው በተከለለ ሜዳ ላይ ፍጥነት ስለሚሞክሩ ወጣቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ኢንሹራንሱን ግን ሳትነኩት አለፋችሁ።

የእህቴ ልጅ ቪትዟን ይዞ ቅዳሜ እንዲህ ያለ ቦታ ሊሄድ ነበር። «ጋሼ አታስብ፣ ሙሉ ሽፋን አለን እኮ» አለኝ። ፖሊሲውን ከዳሽቦርዱ ኪስ አውጥቼ መነጽሬን አደረግሁ። ከሽፋን ውጪ ከተባሉት መሃል እሽቅድድምና የፍጥነት ሙከራ አንድ መስመር ላይ ቁጭ ብለዋል። በማግስቱ ስታዲየም አካባቢ ወዳለው የኢንሹራንሱ ቅርንጫፍ ጎራ አልኩ። ልጅቷ በእስክሪብቶ መስመሩን አሰመረችበትና «ውድድር ባይባልም ሰዓት ከተያዘ አንከፍልም» አለችኝ። ቢያንስ አልሸነገለችኝም።

የሦስተኛ ወገኑ ስቲከርም ብዙ አያኩራራም። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ የካሳው ጣሪያ ለሞት 40,000፣ ለንብረት 100,000 ብር ነበር። የገዛ መኪናህን ጉዳት ደግሞ ጭራሽ አይመለከትም።

እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይሠራም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሊብሬው ደግሞ በእኔ ስም ነው!

የዚያው ሕግ አንቀጽ 2068ን የፍጥነት ሙከራው አዘጋጆች ይወዱታል። በስፖርት መሃል ተጫዋች ወይም ተመልካች የጎዳ ሰው፣ ካላታለለ ወይም የስፖርቱን ደንብ ክፉኛ ካልጣሰ አይጠየቅም። ደንብ ያልወጣለት ጨዋታ ስፖርት ነው ብሎ ዳኛ ፊት መቆም ግን ድፍረት ይጠይቃል። በር ላይ የሚያስፈርሙት ወረቀትም አለ፤ «ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚል። ልጁ ስለራሱ ይፈርም፤ አጥሩ ሥር ቆሞ ስለሚያየው ሱቅ በደረቴ ማን ፈረመ?

ጀርመን ኑርበርግሪንግ የሚባለው የመኪና መሮጫ ትራክ ላይ የብረት አጥሩን የገጨ ሰው ሂሳቡ ለራሱ ይመጣለታል። እንግሊዝ አገር ደግሞ ለአንድ ቀን ብቻ የሚሸጥ የትራክ ኢንሹራንስ አለ፤ ከጉዳቱ የመጀመሪያውን ድርሻ ራስህ ትችላለህ፣ የቀረውን እነሱ። የእኛዎቹ ኢንሹራንሶችስ አረቦኑን፣ ማለትም የሽፋኑን ክፍያ፣ አስልተው ይህን ቢሸጡልን ምን ይላቸዋል? እስከዚያው አዘጋጆች ሽፋን መኖር አለመኖሩን ትኬቱ ላይ ይጻፉልን፤ በደማቅ ፊደል።

ልጁ ቅዳሜ ሄዷል፤ በታክሲ። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

አንድ አንባቢያችሁ፣
ከለገሃር