የጨቅላን ክብደት በብሔር ብቻ አንመዝነው

ለአዘጋጁ፦

የጨቅላ ሕፃናትን የልደት ክብደትና ቁመት ልዩነት ከብሔር ጋር አያይዛችሁ ያወጣችሁት ጽሑፍ የእናቶችን ጤና በአንድ አንቀጽ አልፎታል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው የኢንተርግሮውዝ ጥናት ሕንድንና ኬንያን ጨምሮ በ8 አገሮች ጤነኛና በቂ ምግብ የሚያገኙ እናቶችን ተከታትሎ፣ በልጆቻቸው የልደት ቁመት ላይ በአገሮቹ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ትንሽ መሆኑን አሳይቷል። ዘር ድርሻ የለውም አልልም፤ ቁመት ይወረሳል። ግን የእናት ቁመት በልጅነቷ የበላችውንም ይናገራል።

ሰሜን ሸዋ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታ ሲጨምር ኦክስጅን ይሳሳል፣ የጽንሱም ክብደት ይቀንሳል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፤ እዚያ ወባ አለ፣ በእርግዝና ጊዜ የያዘ ወባም ልጁን ያቀጭጫል። እንግዲህ የአማራ፣ የኦሮሞና የአርጎባ እናቶችን ልጆች ስናነጻጽር ልዩነቱ የብሔር ይሁን የደጋና የቆላ በምን እናውቃለን?

የዞኑ ጤና መምሪያ የነፍሰ ጡሯን የክንድ ዙሪያ ልኬት (የምግብ እጥረትን ይጠቁማል)፣ የደም ማነስና የወባ ምርመራ ውጤት እንዲሁም የቀበሌዋን ከፍታ ከሕፃኑ የልደት ክብደት ጋር በአንድ መዝገብ ላይ እንዲያሰፍር፣ ከ2.5 ኪሎ ግራም በታች የተወለዱትንም በየወረዳው ለይቶ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን